የግዕዝ ፊደል ወደ ማተሚያ መሣሪያ ስለ መግባቱ

ከበሽሎ ወንዝ በስተ ደቡብ፥ ከዓባይ ገደል በስተ ምሥራቅ ያለው ደጋ፥ ዛሬ ቦረና፥ አማራ ሳይንት እየተባለ በየወረዳው የሚጠራው፥ በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ የሚባለው አገር ክፍል ነበረ። በዚያ አገር መጽሐፍ መጻፍ የቆየ ሥራ ነው። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በጥንታዊነታቸው ከሚጠሩት አድባራት አንዲቱ መሆኗን ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። የብራና ጸሓፊ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮና ፍቆ፥ በወስፌ አስምሮ፥ የመቃውን ብርዕ ቀርጾ፥ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ አድርጎ ለሥራ ሲቀመጥ ፊደሉን ከማንም አይበደርም፤ ፊደሉ በእጁ ውስጥ አለ። ከሳይንት ተነሥቶ ወደ ጎጃም ቢሻገር፥ ወደ ኢየሩሳሌምም ቢወርድ፥ እጁ እስካለ ድረስ ሀሁው አብሮት ይሄዳል።

የማተሚያ መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያ በውስጡ ያልገባለትን ፊደል ከቶ አያወጣም። ስለዚህ አዲስ ዓይነት መሣሪያ በተነሣ ቍጥር የግዕዝን ፊደል እንደ ገና ከመጀመሪያው ማስገባት ግድ ሆኖ ኖሯል፤ በእርሳስ ጊዜ እንዲህ ነበረ፥ በጽሕፈት መኪና ጊዜም እንዲህ ነበረ፥ ኮንቴይነር በሚባለው የኮምፒዩተር ሣጥንም ዛሬ እንዲሁ ነው። በየጊዜውም የሥራው መልካምነትና ክፋት የታወቀው በመሣሪያው ብርታት ሳይሆን፥ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ከመሣሪያው አጠገብ በመቆሙና ባለመቆሙ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን፥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን በሮማ ከተማ ሳለ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን ከለዳዊ መሰለው፤ ይህም ስሕተት በመጽሐፉ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ሆኖም የመማር ትጋት ነበረውና ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ዘንድ ፊደሉንና ንባቡን ተምሮ፥ የእርሳስ ፊደል አስቀርጾ፥ በ1513 በማርቼሎ ሲልበር ማተሚያ ቤት መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከአምስት ዓመትም በኋላ፥ በ1518፥ በኮሎኝ መዝሙረ ዳዊትን በአራት ቋንቋ አድርጎ ደግሞ አወጣ።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራ በኢትዮጵያዊ እጅ የተመራ ነው። ከደብረ ሊባኖስ ገዳም የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን፥ ከወንድሞቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋራ ሆነው፥ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በሮማ አሳተሙ። ከድካማቸውም ሁሉ የበለጠው ድካም የሠራተኞቹ ነገር ነበረ፤ ፊደል ለቃሚዎቹ የሚለቅሙትን ማንበብ አይችሉም፥ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ የማተምን ጥበብ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ለአንባቢ ገልጠው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ለምነዋል። ይህ የሮማው ማተሚያ ቤት ችግር ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አልፎት እንኳ አለማርጀቱ ወደ ታች ይታያል።

በእርሳስ ፊደል ማተም ምን ያህል ሥራ እንደ ነበረ ለዛሬ ሰው ማሰብ ያስቸግራል። አንዱን ፊደል ለመሥራት ቀራጩ በብረት ጫፍ ላይ ምስሉን ገልብጦ ይቀርጻል፤ ያንን ብረት በመዳብ ላይ በመዶሻ ሲመታው የፊደሉ ጕድጓድ ይወጣል፤ በዚያ ጕድጓድ ላይ የቀለጠ እርሳስ ሲፈስስ ፊደሉ ይወለዳል። የላቲን ቀራጭ ይህን ለሃያ ሦስትና ለሃያ አራት ፊደል፥ ለታላቁና ለታናሹ፥ ፈጽሞ ያርፋል። የግዕዝ ግን 26ቱ ፊደላት በየሰባቱ ሲረቡ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ 20 ሲጨመሩባቸው 202፤ ገና ቍጥሩና ነጥቡ አልተነገረም። ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው አንዲት ጭረት ብቻ ስለ ሆነች፥ ጭረቲቱን ያዛነፈ ቀራጭ ቃሉን ሌላ ቃል ያደርገዋል። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ይህን ስሕተት በዓይኑ እያየው አያየውም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ቤተ አምሐራ ይመለሳል። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ መነኵሴ የትውልድ አገራቸው በቤተ አምሐራ የምትገኘው መካነ ሥላሴ ነበረች። (ይህች መካነ ሥላሴ ዛሬ የቦረና ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከመካነ ሰላም ጋራ በስም ብትቀራረብም ሌላ ናት።) መካነ ሥላሴን ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት እጅግ የከበረች ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠላት። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ የወጡ ሲሆን፥ ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮማ ደርሰው በኢትዮጵያውያን ቤት ተቀመጡ። በዚያም በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ዠርመናዊ ሊቅ አገኛቸው።

ሉዶልፍ ግዕዝን ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት ለብቻው የተማረ ሰው ነበረ። ከመጽሐፍ የተማረውን ሁሉ አሁን ከሕያው መምህር ፊት አቀረበው። አባ ጎርጎርዮስም የግዕዙን አረሙለት፤ ከዚያም የሚበልጠውን፥ በማንም መጽሐፍ ገና ያልታተመውን፥ በቤተ አምሐራ በአፍ የሚነገረውን አማርኛ ሰጡት። በ1652 የሣክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ከተማው አስጠርቷቸው በጎታ ቤተ መንግሥት ለወራት ስለ ኢትዮጵያ ተጠየቁ፤ ሉዶልፍም በአጠገባቸው ሆኖ መልሳቸውን ጻፈ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲነሡ ግን በ1658 በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

መምህሩ ካለፉ በኋላ ሉዶልፍ የሚያሳትመው መጽሐፍ እንጂ የሚያሳትምበት ፊደል አልነበረውም። በጊዜው የግዕዝ እርሳስ ከነበራቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ በሮማ የሚገኘው የፕሮፓጋንዳ ማተሚያ ነው፤ በ1638 የዌመርስን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያወጣው እርሱ ነው። ሌላው በ1657 የተፈጸመው የዋልተን የብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመበት የሎንዶን ፊደል ነበረ። ሉዶልፍ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጽሐፉን ዋንስሌብ በሚባለው ተማሪው እጅ ወደ ሎንዶን ሰደደ፤ በ1661ም ታተመ። ነገር ግን ደራሲው ከማተሚያው አጠገብ አልነበረምና ዋንስሌብ የራሱን አሳብ እየጨመረ ስላወጣው ሉዶልፍ በሥራው አዘነ። ስለዚህ በኋላ የሚወጡትን መጻሕፍት በፍራንክፈርት፥ በቅርብ እያየ፥ ማሳተም መረጠ። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፥ ሐተታውን በ1691፥ በመጨረሻም የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አወጣ። ይህ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ በ40ኛው ዓመት ነው።

በዚህ በ1698ቱ መጽሐፍ ላይ ጥቂት ማቆም ይገባል። ከእርሱ በፊት በሮማና በሎንዶን የተቀረጸው እርሳስ የግዕዝ ስለ ነበረ፥ የዳዊትና የወንጌል ንባብ ሊያትም ይችላል እንጂ አማርኛን ሊያትም አይችልም። አማርኛ ከግዕዙ በላይ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ፥ ጨ የሚባሉትን ሰባት ፊደላት ይፈልጋል፤ እነዚህ በየሰባቱ ሲረቡ 49 ናቸው፤ ከግዕዙ 182 ጋራ 231 ይሆናሉ። «ጨው» ለማለት ጨ ከሌለ ቃሉ የለም። የጎደለውን ፊደል የሚያውቀው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ብቻ ነው፤ ለሉዶልፍ የነገሩት ደግሞ የመካነ ሥላሴው ሰው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1840 የአባ አብርሃም ትርጕም የሆነው መላው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሎንዶን ታተመ፤ በ1865 ዲልማን ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን በላይፕሲክ አወጣ፤ በ1899 ኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል አሳተሙ። በአገር ውስጥም በምጽዋና በከረን የሚሲዮን ማተሚያዎች ከተነሡ በኋላ፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓመተ ምሕረት የብርሃንና ሰላምን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በዚሁ ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓመተ ምሕረት መውጣት ጀመረ። ፊደል ለቃሚው የሚለቅመውን የሚያነብ ሰው ሆነ፤ አባ ተስፋ ጽዮን በሮማ ያጡት ይህ ነበረ። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን ችግሩ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ መኪናው ያለው ጣት የሚነካው አርባና ሃምሳ ቍልፍ ብቻ ስለ ሆነ፥ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከነጭረቱ ከፋፍለው በቍልፉ ልክ ለማስገባት ደክመዋል። የቀጠላ ፊደል ግን ከብራና ጸሓፊ ዓይን ፊት የሚያምር አይደለም፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ኮምፒዩተር በተነሣ ጊዜ ደግሞ እርሳሱ ቀርቶ ፊደል በቍጥር መቀመጥ ጀመረ። በመጀመሪያው ዘመን አንድ ቅርጸ ፊደል የሚይዘው 256 ስፍራ ብቻ ነበረና፥ የአማርኛ ፊደል ሠሪዎች እያንዳንዳቸው በመሰላቸው ቍጥር ላይ ፊደላቸውን አኖሩ። ስለዚህ በአንዱ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ቤት ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ይህን ያዳነው ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ነው። በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቍጥር ተሰጣቸው፤ ለትግርኛ የሚያሻው ቐ፥ ለኦሮምኛ የሚያሻው ዸ ሳይቀር ገባ። ሇን የመሰሉ የቀሩ ጥቂት ፊደላት በ2005 ተጨመሩ። ነገር ግን መዝገቡ የፊደሉን ቍጥር እንጂ መልኩን አይሰጥም። መልኩ የሚገኘው ቅርጸ ፊደል ከሚባለው ፋይል ነው፤ ያም ፋይል በማሽኑ ላይ ከሌለ ቍጥሩ ብቻውን ምንም አያሳይም።

የመጽሐፍ ገጽ አሰናጅ ከሆኑት ፕሮግራሞች በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ቴክ ነው፤ ዶናልድ ክኑት የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1978 ያወጣው። በ1990ዎቹ ዓመታት ብርሃኑ በየነ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ከኩድሌክ፥ ከኩመርና ከሜትሲንገር ጋራ ሆነው በዠርመን አገር በሐምቡርግ ለቴክ የኢትዮጵያን ፊደል ሠሩ። ኢትዮጵያዊና ዠርመናዊ አንድ ላይ ተቀምጠው ፊደል ሲያስገቡ፥ ይህ ከሉዶልፍ ዘመን በኋላ ሌላ ጊዜ መሆኑ ነው። በኋላም በ2004 ጆናታን ኪው ዚቴክ የሚባለውን አወጣ፤ እርሱና ሉዋቴክ የዩኒኮድን ጽሑፍ በቀጥታ ተቀብለው በማሽኑ ላይ ያለውን ማናቸውንም ቅርጸ ፊደል ይጠቀማሉ።

አሁን ያለው ነገር ኮንቴይነር ነው። በ2013 ዶከር የሚባለው ሥራ ከወጣ ወዲህ፥ አንድ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው ዕቃ ጋራ ብቻ እንደ ተዘጋ ሣጥን ተሰናድቶ ከማሽን ወደ ማሽን ይላካል። ሣጥኑ ቀላል እንዲሆን የማያስፈልግ የመሰለው ሁሉ ይቀነሳል፤ ከሚቀነሰውም አንዱ ቅርጸ ፊደል ነው። ለምሳሌ አንድ ሀገረ ስብከት የክርስትና ምስክር ወረቀት በኮምፒዩተር ያሰናዳል እንበል። ጸሓፊው በጠረጴዛው ላይ ባለው ማሽን ሲሞክረው በማሽኑ ላይ ናይላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፊደል አለ፤ ወረቀቱም አምሮ ይወጣል። ያው ሥራ በኮንቴይነር ውስጥ ሲሠራ ግን ሣጥኑ ናይላን አያውቅም። አንዳንዱ ፕሮግራም በያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ያትማል። ቴክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ያደርጋል፤ በተሰጠው ቅርጸ ፊደል ውስጥ ያላገኘውን ሆሄ ዝም ብሎ ይዘልለዋል፥ የጐደለውን በሥራ መዝገቡ ውስጥ ብቻ ይጽፋል፥ ሥራውንም ያለ ስሕተት እንደ ፈጸመ ይጨርሳል። የሕፃኑ የክርስትና ስም በሚጻፍበት ስፍራ ነጭ ወረቀት ይቀራል፤ ማኅተሙ ግን ከታች ያርፍበታል። የሮማው ፊደል ለቃሚ ቢያንስ አንድ ነገር አኑሮ ይስታል፤ ይህ ግን ምንም ሳያኖር ይስታል።

መፍትሔው ረጅም አይደለም፥ ቅደም ተከተል ግን አለው። በመጀመሪያ ቅርጸ ፊደሉን መምረጥ ነው። ናይላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለ ሆነ እንደ ፈለጉ ቀድቶ በሣጥን ውስጥ መላክ አይፈቀድም። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ግን በነጻ ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ አቢሲኒካ የብራናውን እጅ ይመስላል፥ ኖቶ በልዩ ልዩ ውፍረት ይገኛል። ከዚያ ፋይሉን ኮንቴይነሩ ከሚሠራበት ትእዛዝ፥ ዶከርፋይል ከሚባለው፥ ጋራ አንድ ላይ አኑሮ፥ በሊኑክስ ለፊደላት በተመደበው ፎንትስ በሚባለው ዶሴ ውስጥ እንዲቀዳ ማዘዝ ነው። ይህን በትእዛዙ ላይ ሳይጽፉ በሚሠራው ሣጥን ውስጥ በእጅ ብቻ ያስገቡት እንደ ሆነ ሣጥኑ ሲዘጋና ሲወገድ ፊደሉ አብሮት ይጠፋል፤ በማግሥቱ የሚከፈተው አዲሱ ሣጥን እንደ ትናንቱ ባዶ ነው። ብዙ ሰው የሚደክመው በዚህ ላይ ነው።

ፋይሉ በዶሴው ውስጥ መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ማሽኑ የፊደላቱን ዝርዝር አስቀድሞ ስለሚመዘግብ፥ ኤፍ ሲ ካሽ በሚባለው ትእዛዝ መዝገቡ ይታደሳል፤ ኤፍ ሲ ሊስት በሚባለውም አማርኛን የሚያውቁት ቅርጸ ፊደላት እነማን እንደ ሆኑ ይጠየቃል። ሉዋቴክ ከዚህ ሌላ የራሱ መዝገብ አለው። በጽሑፉ ራስ ላይም ቅርጸ ፊደሉ ብዙ ጊዜ በፋይሉ ስም ሳይሆን በውስጡ በተጻፈው ስሙ ይጠራል፤ በሁለቱ መካከል አንዲት ፊደል ብትለያይ ፕሮግራሙ አላገኘሁም ይላል። እንደ ጥንቱ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ የሚለይ ሰው ደግሞ መስመሩ በነጥቡ ላይ እንዲሰበር ለይቶ ማዘዝ አለበት፤ አለዚያ ባዶ ስፍራ ያላገኘ መስመር ከኅዳጉ አልፎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ አማርኛ የማያነብ የሌላ አገር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የፊደል ቅርጽ በገጹ ላይ እስካየ ድረስ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሣጥኑ የሚወጣውን የመጀመሪያ ገጽ አንባቢ ሰው ሊያየው ይገባል። ለፈተናም «ሰላም» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሰ፥ ላ እና ም በግዕዝ ያሉ ስለ ሆኑ በ1513ቱ እርሳስም ይታተሙ ነበር። ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ፥ ጨ ያሉበትን መስመር፥ ከእነርሱም ጋራ ዲቃሎቹን ቋ፥ ኳ፥ ጓን፥ ኋላ የመጣውን ቨን፥ ከቍጥሩም ፻ እና ፼ን፥ ከምልክቱም ፠ን አስገብቶ ማተም ነው። ቦረና ወይም በመካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ያለ ተማሪ ይህን መስመር በአንድ እይታ ያነብበዋል፤ አንዲቱ ብትጐድል የትኛዋ እንደ ሆነች ወዲያው ይናገራል፥ ሣጥኑም ተከፍቶ እንደ ገና ይሠራል።